አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?



ፍሬሽማን እያለን የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰው ያየውንና የሰማውን ለማስተላለፍ የሚጠቀምባቸውን ግሶች ሰሌዳ ሙሉ ጻፈልን። ስቴት፣ ሪፖርት፣ ክሌይም፣ ናሬት፣ ሪካውንት፣ ሪከርድ... ሁሉንም ለፈተና ሸመደድኳቸው። ልዩነታቸው ግን አልገባኝም ነበር፤ ግማሹን «ተናገረ»፣ ግማሹን «መዘገበ» ብዬ አለፍኩት። ፈተናውም አለፈ። ትምህርቱን እንዳልተማርኩት ያወቅኩት ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ ዋርድ ውስጥ ነው።

የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ረመዷን ውስጥ ነበር፤ የማታ ተረኛ ሆኜ ደም ግፊት ያለባቸውን አንድ አባት እከታተል ነበር። የምታስታምማቸውን ልጃቸውን «አባባ ኪኒናቸውን ወሰዱ?» አልኳት። «አዎ፣ ወስደዋል» አለችኝ። ቻርቱ ላይ በእንግሊዝኛ «መድኃኒቱን ወስደዋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዓቱን ሞላሁ፤ ፈረምኩ።

ጠዋት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ራውንድ የሚያደርገው ሐኪም ጽሑፌን አነበበና «ወስደውም ካልወረደላቸው መጠኑን መጨመር አለብን» አለ። ከአጠገቡ የነበረችው ሲስተር ግን ወደ አልጋው ጠጋ ብላ ራሳቸውን ጠየቀቻቸው። አባባ አፍረው ከትራሳቸው ሥር በሶፍት የተጠቀለለ ኪኒን አወጡ። ለካ ሳይነግሩን ይጾሙ ኖሯል። ልጃቸው ከሰዓት በኋላ ኪኒኑን በእጃቸው ሰጥታ ምግብ ልታመጣ ወጣች፤ እሳቸው ደግሞ ለኢፍጣር ብለው አስቀመጡት፤ ከኢፍጣር በኋላ እንቅልፍ ጣላቸው። ልጅቷ ሲወስዱ አላየችም። እኔም አላየሁም። ቻርቱ ላይ ግን ያየ ሰው ቃል ተጽፏል፤ ከሥሩም የእኔ ፊርማ አለ።

አስተማሪያችን ወደ ጎን ወሰደችኝ። አልተቆጣችም። «አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» አለችኝ። «ሰምቼ ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምን እንዳየ ሰው ጻፍሽ?»

መልስ አልነበረኝም። ልጽፍ ይገባኝ የነበረው «ልጃቸው እንደወሰዱ ሪፖርት አድርጋለች» የሚል ነበር። የጎደለው አንድ ግስ ነው። በዚያ ግስ ግን ሐኪሙ ወሬው ከማን እንደመጣ ያውቃል፤ መጠን ከመጨመሩ በፊትም ይጠይቃል። የለካሁትንና በዓይኔ ያየሁትን በራሴ ስም እጽፋለሁ፤ ታማሚው ወይም አስታማሚው ያለኝን ግን «ስቴት» ወይም «ሪፖርት» በሚለው ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ታማሚው «ደረቴን አያመኝም» ካለ «ዲናይ» የሚለው ግስ ይጻፋል። ይህን ሳነብ ታማሚው እየዋሸ ነው የተባለ ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙ ግን «ጠይቄው የለም አለኝ» ብቻ ነው፤ እኔ መርምሬ አረጋገጥኩ ማለት አይደለም።

በዚያው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ በጀመዓችን ደርስ ላይ ኡስታዛችን ስለ ሐዲሥ ቃላት ያስተምር ነበር። «ሐደሠና» ማለት ሼኹ ሲናገር በጆሯችን ሰምተናል ማለት ነው አለን። «አኽበረና» ደግሞ ተማሪው እያነበበ ሼኹ ሲያዳምጥ ነው። በ261 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ኢማም ሙስሊም ሁለቱን ሳይቀላቅሉ ለይተው ሲጽፉ፣ ኢማም ቡኻሪ ግን ሁለቱንም እኩል ያዩ ነበር። ሌላም አለ፤ «ዐን» የምትባለው ትንሽ ቃል። «ከእገሌ» ትላለች እንጂ በቀጥታ ሰምቼዋለሁ አትልም። አንዳንድ አውሪዎች በዚህች ቃል መሃል ላይ ያለውን ሰው ይዘሉ ነበር፤ ይህም ተድሊስ ይባላል። በተድሊስ የታወቀ ሰው «ዐን» ብሎ ያወራውን ሙሐዲሦች መስማቱ በግልጽ እስኪረጋገጥ ድረስ አይቀበሉትም።

ኡስታዙ ምሳሌ አድርጎ ያመጣው ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን ታሪክ ነው፦ ጀዕፈር (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት የተናገረበትን። ይህን ታሪክ ካስተላለፉት አንዱ የሲራው ጸሐፊ ኢብኑ ኢስሐቅ ነው፤ እሱ ደግሞ በተድሊስ ከሚታወቁት አንዱ ነው። እዚህ ላይ ግን ከዙህሪ የሰማውን «ሐደሠኒ»፣ ማለትም «ነገረኝ» ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሲሄድ ራሷ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ጋ ይደርሳል። እኔ ነጃሺን በኩራት ስጠቅስ ታሪኩ በአንዲት ግስ ላይ ይህን ያህል እንደሚደገፍ አስቤ አላውቅም ነበር።

እዚያው ተቀምጬ የራሴን ሰንሰለት ቆጠርኩ። ከአባባ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ቻርቱ፣ ከቻርቱ ወደ ሐኪሙ። ልጅቷ «ሰጥቻቸዋለሁ» ማለት ሲገባት «ወስደዋል» አለች። እኔ ደግሞ «ልጃቸው ነገረችኝ» ማለት ሲገባኝ እሷን ከመሃል አወጣኋት። ማናችንም ልንዋሽ አላሰብንም።

ዶርም ስመለስ የፍሬሽማን ደብተሬን ፈልጌ ግሶቹን ከመዝገበ ቃላት ጋር እንደገና አየኋቸው። «ሪፖርት» ሥሩ ላቲን ሲሆን ተሸክሞ መመለስ ማለት ነው። በዐረብኛ ደግሞ «ራዊ» ከሚለው ቃል ጋር ከአንድ ሥር የወጣው «ራዊያ» ውኃ የሚሸከም ግመል ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የሚያወራውን ሰው ተሸካሚ ያደርጉታል። የተሸከመው የሰው ዕቃ ነው፤ ከየት እንዳነሳው ሲጠየቅ መመለስ አለበት።

ከዚያ ቴሌግራሜን ከፈትኩ። ኡስታዙ በደርሱ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብሎን ነበር፦ ዑለማዎች ደካማ ሐዲሥን «ቃለ»፣ ማለትም «ብለዋል» በሚል ቁርጥ ያለ ግስ ማውራትን ይከለክላሉ፤ «ሩዊየ»፣ «ተወርቷል» ይባላል እንጂ። «ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ብለዋል» ብዬ ፎርዋርድ ያደረግኳቸውን መልእክቶች አንድ በአንድ አየሁ። የሦስቱን ምንጭ የላከልኝም ሰው አያውቀውም። ከግሩፓችን አጠፋኋቸው። ካነበቧቸው ሰዎች ጭንቅላት ግን ማጥፋት አልችልም፤ ለዚህም አላህን ምሕረት እጠይቃለሁ።

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ መታዘዛችንን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን አንቀጹ ሌላ ሰው ለሚያመጣው ወሬ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ ወሬ አምጪ እንደሆንኩ ያሳዩኝ አባባ ናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ መጠኑ ሳይጨመር ተደረሰባቸው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ተሽሏቸው ወጡ።

አሁን ከመፈረሜ በፊት የአስተማሪዬን ጥያቄ ለራሴ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ሥራ ያዘገይብኛል፤ ተረኞቹም ይስቁብኛል። እናንተም ዛሬ ማታ ስለ አንድ ወንድም ወይም እህት የምትጽፉት ነገር ካለ፣ «ላክ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ግሱን አንድ ጊዜ እዩልኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።