ከዳሞታ ተራራ ያነሣኋት ስባሪ ድንጋይ

ሰው የሌላውን ጥፋት ሲሰማ ዳኛ ነው፤ የራሱን ጥፋት ሲሠራ ግን ጠበቃ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። አንድ ቀን በወላይታ ምድር፣ በዳሞታ ተራራ ጉያ፣ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት ነው።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። በውጭ አገር የሚኖር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጓቴማላ ወደሚባለው አገር ሄዶ፣ የጥንት የማያ ሕዝብ ሠርቶ የተዋቸውን ፍርስራሾች ጎብኝቶ ኖሮ፣ ያየውን ሁሉ ጻፈልኝ። ቲካል በምትባለው ጥንታዊት ከተማ፣ ከጫካው ዛፎች ራስ በላይ ብቅ ያሉትን የድንጋይ ቤተ መቅደሶች፣ ለአንድ ቀን የቀጠረው መሪ እያስረዳ እንዳሳየው ገለጠልኝ። በመጨረሻ ግን ያሳዘነውን ነገር ጨመረበት። በብዙ የማያ ከተሞች የነገሥታቱ ታሪክ የተቀረጸባቸውን ሐውልቶች ዘራፊዎች በመጋዝ እየሰነጠቁ ወደ ውጭ አገር ሸጠዋቸዋል፤ ከእነዚያም ውስጥ ከየትኛው ከተማ እንደ ተነሡ ለማወቅ ያስቸገሩ አሉ አለኝ። እኔም ይህን ሳነብ ራሴን ነቅንቄ «ምን ዓይነት ኅሊና ቢስ ሰዎች ናቸው!» ብዬ ፈረድሁባቸው።

ደብዳቤው ግን አንድ ሌላ ኀፍረት ትቶብኝ ሄደ። ጓደኛዬ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ጥንታዊ ነገር ሲያይ፣ እኔ ለሥራ ጉዳይ ወላይታ ሶዶ ስንት ጊዜ ተመላልሼ፣ ከከተማይቱ በላይ የተገተረውን ዳሞታን ከሆቴል ሰገነት ከማየት በቀር አንድ ቀን እንኳ እግሬን አላነሣሁበትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጥቅምት ወደ ሶዶ በወረድሁ ጊዜ፣ አንድ ቀን ለራሴ ለይቼ፣ አገሩን የሚያሳየኝ መሪ ፈለግሁ። ታሪክ የተማረ፣ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት አገኙልኝ። የቀኑን ዋጋ ተነጋግረን ተስማማን፤ በማግሥቱም በማለዳ ተነሣን።

ዳሞታ ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር የሚደርስ ተራራ ነው። መኪናችንን መንገዱ እስከ ፈቀደልን ድረስ ነዳን፤ የቀረውን በእግራችን ተጓዝን። ዝናሙ ገና መውጣቱ ስለ ነበረ መሬቱ ለምልሟል። የእንሰቱ ቅጠል ከየጎጆው ጓሮ ሰፍቶ ይታያል፤ ሕፃናትም በየአጥሩ ሥር ቆመው «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሰላምታ ይሰጡን ነበር። ወጣቱ እየሄደ ያጫውተኝ ጀመር። በጥንት ዘመን በዳሞት ነግሦ ነበር ስለሚባለው ስለ ሞቶሎሚ የሚነገረውን ነገረኝ፤ ከዚያም ስለ መጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ስለ ካዎ ጦና አነሣ። በ1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በዘመቱ ጊዜ ካዎ ጦና ተዋግተው፣ ቆስለው እንደ ተማረኩ፣ በዚያ ጦርነትም ብዙ ሕዝብ እንዳለቀ፣ ብዙ ሰውና ብዙ ከብትም ከአገሩ እንደ ተነዳ ተረከልኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ነገሩንም አላለሰለሰም። እኔ የመጣሁት ከአዲስ አበባ እንደ ሆነ ያውቃል። የምመልሰው ቃል ስላጣሁ ዝም ብዬ ተከተልሁት።

ከረፋዱ ላይ በተራራው ምዕራባዊ ገጽ ወዳለው ሥፍራ ደረስን። ሞቼና ቦራጎ ይባላል። ገደሉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እንደ ትልቅ አዳራሽ ጣሪያ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ብዙ ሕዝብ ሊያስጠልል የሚችል ሰፊ መጠለያ ሠርቷል። ከአናቱ ውሃ ይንጠባጠባል። እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያ ሳየው ቅር አለኝ። እንደ አክሱም የተወቀረ ሐውልት፣ እንደ ጎንደር ግንብ፣ ወይም እንደ ማያዎቹ ደረጃ ያለው ቤተ መቅደስ የጠበቅሁ ነኝና፣ አፈርና ቋጥኝ ብቻ ባየሁ ጊዜ «ይኸው ነው?» አልሁት።

ወጣቱ ፈገግ አለና «ጋሼ፣ የአክሱም ሐውልት ከቆመ ወደ 1,700 ዓመት ይሆነዋል። እዚህ የቆሙበት አፈር ከሥሩ ያለው ግን ከ50,000 ዓመት በላይ ነው» አለኝ። በመጀመሪያ ፈረንሳውያን ሊቃውንት፣ ከዚያም ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ብራንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሥፍራውን ቆፍረው እንደ መረመሩት ነገረኝ። በዚያ እጅግ ሩቅ ዘመን የነበሩ ሰዎች፣ ባልጩት እየሰበሩ መቍረጫና መፋቂያ ሠርተውበታል። አየሩ ደርቆ ሌላው አገር ሰው አላኖር ባለበት ዘመን፣ ዝናም የማይለየው ይህ የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለሰው ልጅ መሸሸጊያ ሆኖ ይሆን ወይ ብለው ሊቃውንቱ ይመራመሩበታል። «በጋሞና በኮንሶም ቆዳ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ታይተዋል፤ ሙያው ከጥንት ጋር ብቻ የተቀበረ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ድንጋይ ዕድሜውን እንዴት ይናገራል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ በመሶብ ውስጥ የተደራረበውን እንጀራ ያስቡት። ከታች ያለው ፊት የተጋገረው ነው፤ ከላይ ያለውም ኋላ የተጋገረው ነው። አፈሩም እንደዚያው በሽፋን በሽፋን ተነጥፏል። በአንዱ ሽፋን ውስጥ ጥንት ከነደደ እሳት የቀረ የከሰል ፍንጣሪ ይገኛል። በከሰሉ ውስጥ በታወቀ ልክ እየቀነሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት ስላለ፣ ሊቃውንቱ የቀረውን ለክተው ዘመኑን ያሰላሉ። ከከሰሉ ጋር በአንድ ሽፋን የተገኘው ባልጩትም ዘመኑ በዚያ ይታወቃል። ባልጩቱ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲሆን ነው።»

ይህን ሁሉ በደንብ ሰማሁ። ሰምቼም አደነቅሁ። ነገር ግን ወጣቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ከአንድ እረኛ ጋር ሲነጋገር፣ ዝናም ካጠበው አፈር ጠርዝ ላይ አንዲት ጥቁር ባልጩት ስታብረቀርቅ አየሁ። ብድግ አደረግኋት። እንደ መስተዋት የጠራች፣ አንድ ጎኗ እንደ ምላጭ የተሳለ፣ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ስባሪ ነበረች። በዚያች ጊዜ በውስጤ ያለው ጠበቃ ተነሥቶ መናገር ጀመረ። «አንዲት ናት፤ ማንን ትጎዳለች? ነገ ዝናም ጠርጎ ይወስዳታል። ለልጆችህ ብታሳያቸው ይማሩባታል። ደግሞስ ገንዘብህን ከፍለህ፣ ተራራ ወጥተህ የመጣህ አይደለህምን?» አለኝ። ጠበቃው ነገሩን ሳይጨርስ ድንጋይቱ ኪሴ ገብታ ነበር።

ተመለስን። ግማሽ መንገድ ያህል እንደ ወረድን ወጣቱ ቆመ። ጥቂት ካመነታ በኋላ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር» አለኝ።

«ተናገር።»

«ኪስዎ ያስገቧትን ድንጋይ አይቻለሁ።»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ጥፋተኛ ሰው ቶሎ ይቈጣልና «የቀጠርሁህ መንገድ ልታሳየኝ ነው፣ ኪሴን ልትፈትሽ?» ብዬ ጮኽሁበት። እርሱ ግን አልመለሰልኝም፤ ወደ ኋላም አላለም። እጆቹ ትንሽ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። የቀኑ ዋጋ ገና በእኔ እጅ ነበረ፤ ብቀርበትም የሚከሰኝ አልነበረም። ይህን እርሱም ያውቃል።

«ዋጋዬን ቢያስቀሩብኝ ይችላሉ» አለ በመጨረሻ። «ከዚህ አገር ግን ብዙ ነገር ተወስዷል። ዛሬ ደግሞ እኔ እየመራሁ ሲወሰድ ዝም ካልሁ፣ ነገ ሌላውን እንግዳ እዚያ አምጥቼ ምን እላለሁ?»

ቃሉ እንደ ባልጩቷ የተሳለ ነበረ። ጠዋት የነገረኝ የ1887 ዓ.ም. ታሪክ ትዝ አለኝ። የጓደኛዬም ደብዳቤ መጣብኝ፤ በማያ ሐውልት ዘራፊዎች ላይ የፈረድሁትን ፍርድ በራሴ ድምፅ መልሼ የሰማሁት መሰለኝ። ኢጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. የወሰዱት 24 ሜትር የሚያህለው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ሲመለስ፣ ከደስታ ብዛት ዕንባዬ እንደ መጣም አስታወስሁ። ትልቁ ድንጋይ ሲመለስ ያለቀስሁ ሰው፣ ትንሹን ድንጋይ በኪሴ ይዤ ተገኘሁ!

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እንመለስና ከነበረችበት ላኑራት» አልሁት።

ዳገቱን እንደ ገና ወጣነው። ከዋሻው አፍ ስንደርስ ወጣቱ «ከየት አነሡአት?» ሲል ጠየቀኝ። «ከዚህ» ብዬ ጠቆምሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ያ አይመስልም። ጥቂት ወደ ግራ ሄድሁ፤ እዚያም የታጠበ አፈር አለ። ወደ ቀኝ ተመለስሁ፤ እዚያም እንደዚያው። ረጅም ጊዜ ፈለግሁ። ባነሣኋት ጊዜ ዐይኔ ድንጋይቱን እንጂ ሥፍራዋን አላየም ነበረና፣ ቦታዋን ላገኘው አልቻልሁም።

«እንግዲያው ዝም ብዬ አንዱ ጋ ላስቀምጣት?» አልሁ።

«አይሆንም፤ ያለ ቦታዋ ካኖርናት ኋላ የሚመጣውን መርማሪ ታሳስተዋለች። አለማወቅ ከሐሰት ይሻላል» አለኝ።

የጥፋቴን ልክ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የተሰረቀ ገንዘብ ይመለሳል፤ የተሰደበም ይታረቃል። የአክሱም ሐውልት እንኳ የቆመበት ሥፍራ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ከ60 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆይቶ ወደዚያው ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም.ም እንደ ገና ተተከለ። የእኔ ድንጋይ ግን ከሥፍራዋ የተለየችው ከአንድ ሰዓት በላይ አልነበረም፤ መግቢያዋ ግን ለዘለዓለም ጠፋ። እጄ ላይ አለች፤ ንግግሯ ግን የለም።

በአገራችን ሕግ፣ በአዋጅ ቍጥር 209/1992፣ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት እንዲጠብቀው ታዟል። ስለዚህ ሶዶ ተመልሰን ድንጋይቱን ለሚመለከታቸው ሰዎች አስረከብሁ። የተቀበሉኝ ሰው አልገሠጹኝም፤ ወቀሳ ብሰማ ግን ይሻለኝ ነበር። አንዲት ቍራጭ ወረቀት አውጥተው የዕቃውን ዓይነት ጻፉ፤ ቀኑን ጻፉ። ከዚያም ቀና ብለው «የተገኘበት ቦታ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም መሬት መሬት እያየሁ «ከዋሻው አፍ አካባቢ» አልሁ። እርሳቸውም «በትክክል ያልታወቀ» ብለው ጻፉ። ያቺ ወረቀት የእኔ የፍርድ ወረቀት ናት።

ማታ ለወጣቱ የተስማማነውን ሰጠሁት፤ የምጨምርለትንም በብዙ ልመና ተቀበለኝ። ሲሰናበተኝ «ጋሼ፣ ልጆችዎን ለማሳየት ከሆነ ያነሡአት፣ ልጆቹን ይዘው ይምጡ፤ ባለበት ይዩት» አለኝ። ምክሩን ተቀብዬ በሚቀጥለው ዓመት ልጆቼን ይዤ ሄድሁ፤ የመራንም እርሱ ራሱ ነው። ከዋሻው አፍ እንደ ቆምን ታናሹ ልጄ አንዲት የምታብረቀርቅ ባልጩት አይቶ ሊያነሣት እጁን ዘረጋ። «አባዬ፣ አንዲት ብቻ?» አለኝ። ወጣቱ መሪያችን ወደ እኔ ተመለከተና ዝም አለ። እኔም ከልጆቼ ፊት፣ እርሱ እየሰማ፣ ያለፈውን ዓመት ጥፋቴን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ቀላል አልነበረም። ልጄ ግን እጁን ሰብስቦ፣ ድንጋይቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ሳይነካት ለረጅም ጊዜ አያት።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ሊሰቀል የተወሰደው ሌባ እናቱን «በእንቍላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» እንዳላት አባቶቻችን ይተርካሉ። እኔን በእንቍላሉ ጊዜ የቀጣኝ፣ ዋጋውን በእጄ የያዝሁበት፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። አንተም የሁሉ ከሆነው ነገር ላይ እጅህ ሲዘረጋ፣ ውስጥህም «አንዲት ብቻ ናት» ብሎ ሲሟገትልህ፣ ከማንሣትህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ነገ ልመልሳት ብል ቦታዋን አገኘው ይሆን? እውነቱን ፊት ለፊት የሚነግርህን ሰው ደግሞ፣ ደመወዝ ከፋዩ አንተ ብትሆንም እንኳ፣ አትቈጣው። መንገድ የሚያሳይህ እርሱ ነውና።