ዛሬ አልወጣህም እንዴ?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሶሳ ውስጥ አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ፣ መንገደኛው ሁሉ የሚያሳድደውን ፍለጋ ወደ ኋላው ያይ ነበር። የሚሮጥ ሰው ወይ ወታደር ነው፣ ወይ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ ወይ ቤቱ አንድ ነገር ደርሷል። ማንም ሳያሳድደው፣ ምንም ሳይጠፋበት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ በባምባሲ መንገድ ሶምሶማ የሚል ሰው ግን ምን ይባላል? እናቶች ደንግጠው «ደህና ነህ ልጄ?» ይሉኛል። ልጆች «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ እስከ መንደሩ ዳር ይሸኙኛል። እነሱ ሲመለሱ እኔና መንገዱ ብቻ እንቀራለን።

ዛሬስ? ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ መንጫጫት ይጀምራል። አንዱ «ተነስቻለሁ» ይላል፤ አንዷ «ጫማ እያሰርኩ ነው» ትላለች፤ ሌላው ድምፁ ከእንቅልፍ ሳይላቀቅ «እባካችሁ ጠብቁኝ!» ብሎ በድምፅ መልእክት ይማጸናል። አንድ ቀን ከቀረሁማ ከአሶሳም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከዋሽንግተንም «ዛሬ አልወጣህም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይዘንብብኛል። ወይ ደስታ! ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ለማግኘት ስንት ክረምት ተመኝቻለሁ!

አሶሳን በካርታ ብቻ ለሚያውቃት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ተጠግታ የተቀመጠች፣ ማንጎና የቆላ ቀርከሃ የከበባት ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። የሩጫ ዝና ደግሞ ያኔም ዛሬም የደጋ ነው። አበበ ቢቂላ የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ የአርሲዋ የበቆጂ ልጆች ናቸው። ልምምድ ሲባል የሚጠራው እንጦጦ ነው፤ ሱሉልታ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከረፋዱ በኋላ አስፋልቱ ይግላል፣ በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል። ወላጆቼ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ የሰፈሩ ናቸው። አባቴ ሩጫዬን ሲያይ «ልጄ፣ ይህ የደጋ ሰው ሥራ ነው፤ በዚህ ሙቀት ራስህን አትግደል» ይለኝ ነበር። እሱም ቢሆን መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. አፉን ይዞ ቀረ።

ያን ቀን አሶሳ የነበረ ሰው ይመስክርልኝ። የሲድኒ ኦሊምፒክ፣ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ቤት ውስጥ ያለ ሬዲዮ ሁሉ ደጅ ወጥቷል፤ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ደግሞ በሩ እስኪነቀል ሞልቷል። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ላይ ፈትለክ ሲል የሻይ ቤቱ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያ ኃይሌ! በአንድ ሰከንድ መቶኛ ሲቆጠር 9 ብቻ! በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ማንም «ክፈል» አላለም። የበርታ ሽማግሌዎች፣ የወሎ ሰፋሪዎች፣ ከሺናሻ አገር የመጡ መምህራን፣ ሁሉም ተቃቅፈው ይዘላሉ። በማግስቱ ጠዋት ጎዳናው በሯጭ የሚሞላ መስሎኝ ከወትሮው ቀድሜ ወጣሁ። ማንም አልነበረም! ሁላችንም ሩጫ እንወዳለን፤ የምንወደው ግን ተቀምጠን ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር 1994 ዓ.ም.፣ ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። 10,000 ሰው በአዲስ አበባ ጎዳና! ውድድሩን ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር። ዜናውን የሰማሁት በሬዲዮ ነው። ፎቶውን ያየሁት ግን ጋዜጣው በአውቶቡስ ተጭኖ፣ በስንት እጅ ተነቦና ተጨማድዶ ከደረሰኝ በኋላ ነው። አሥር ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲሮጥ! እዚያ ለመገኘት መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አድሮ የሁለት ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ማድረግ፣ አዲስ አበባ የሚያሳድር ዘመድ መፈለግ፣ መመዝገቢያው ሳይዘጋ መድረስ ያስፈልግ ነበር። ለሩጫ ሲባል ይህን ሁሉ ማውጣት በእኛ ቤት የሚታሰብ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የሌላ ሯጭ ወሬ የሚደርሰኝ በሾፌር በኩል ነበር ብል ማን ያምነኛል? ነቀምቴ ወደሚኖር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ በመኪና ረዳት እጅ ብጣሽ ወረቀት እልካለሁ፦ «ዛሬ ከድልድዩ እስከ ድልድዩ ሁለት ጊዜ ደረስኩ።» እሱ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ «እኔ ዳገቱን ሳልቆም ወጣሁት» ብሎ ይመልሳል። ኪሎ ሜትሩን የምንቆጥረው በመንገድ ምሰሶ ነው፣ ሰዓቱን የምንይዘው በእጅ ሰዓት ነው። የእሱ ምሰሶና የእኔ ምሰሶ እኩል ይራራቁ አይራራቁ ማን ለካው! ግን ወረቀቷ ስትደርስ እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ደጋግሜ አነብባትና በማግስቱ ሁለት ምሰሶ እጨምራለሁ።

ከዚያ ዘመኑ ፈጠነ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ ወጣት መጣ። ወጣቱ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ሶምሶማና ፌስቡክ። ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦች ቀን አሶሳ ላይ ሲከበር ደግሞ አገር ምድሩ እኛ ዘንድ ጎረፈ፤ ጠዋት ጠዋት በጎዳናው ቱታ የለበሰ እንግዳ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀረ።

የእኔ ነገር የተጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ፣ መንገዱ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ማንጎዎቹ ጠል ሲያንጠባጥቡ አንስቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ምሽቱን አንድ የማላውቀው ሰው ጻፈልኝ፦ «ይህቺ መንገድ እኮ እኔ የምሮጥባት ናት!» እንዴት? የት? መቼ? ሆምሻ የተወለደ፣ አሶሳ የሚኖር፣ በጤና ጣቢያ የሚሠራ የበርታ ልጅ ነው። እኔ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ እሱ ከሥራ ሲወጣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል። ለዓመታት በአንድ አስፋልት፣ በአንድ ምሰሶ፣ በአንድ ዳገት ተመላልሰን አንድም ቀን አልተያየንም! እኔ ብቻዬን ነኝ ስል እሱም ብቻውን ነበር። በሳምንቱ ማክሰኞ ተቀጣጠርን። ከሩቅ ሲመጣ አረማመዱን አይቼ አወቅሁት፤ ሯጭ ሯጭን ያውቃል። «አሰላሙ አለይኩም!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፣ ሳንቆም ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ሳንቆም ስለ ልጆቻችን አወራን፣ ፀሐይ እስክትወጣ ሳንቆም ሄድን። ከመሮጥ ይልቅ በማውራት የደከምኩበት የመጀመሪያ ቀን ይህ ነው።

ሁለት ስንሆን ሦስተኛው መጣ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ «ሴት ብቻዋን ስትሮጥ ዓይን ይበዛባታል፤ ከእናንተ ጋር ልሁን?» አለች። እህቷን አስከተለች። የባጃጅ ሾፌር ተጨመረ። ጡረታ የወጡ መምህር ተጨመሩ፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን፣ እሳቸው ደግሞ የሁላችንን የልጅነት ውጤት ያስታውሳሉ። ቴሌግራም ላይ ቡድን ከፈትን። ቡድኑ በተከፈተ በወሩ ስለ ጫማ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ዝናቡ ሰዓት የማይወራበት ቀን ጠፋ። ረመዳን ሲገባ የሙስሊም ጓደኞቻችን ሩጫ ከኢፍጣር በፊት ወዳለችው ሰዓት ይዛወራል፤ የዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ ሌሎቻችን ፍጥነቱን እንቀንሳለን። መርሐ ግብሩን የሚያወጡት ጋሼ ናቸው፣ ማንም አይከራከራቸውም።

ዋዛ የተባለው የበርታ መለከት ሲነፋ የሰማ ሰው ይህን ቡድን ይረዳዋል። ከቅል የሚሠራው እያንዳንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ተሰልፈው በየተራ ሲያስገቡ ነው። እኛም እንዲያ ነን፤ አንዳችን ስንጎድል ጠዋቱ ይሰነካከላል።

ሚካኤል ክራውሊ የሚባል ብሪታንያዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ እየሮጠ ኖሮ በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። በጣም ከገረሙት ነገሮች አንዱ የእኛ ሯጮች ብቻን መሮጥን ብቻን ከመብላት ለይተው አለማየታቸው ነው። ይህን ስሰማ እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ስልኩ አዲስ ነገር አላስተማረንም፤ የራሳችንን ወግ ነው በርቀት የመለሰልን።

ርቀት ካልኩ አይቀር፣ ቡድናችን ከከተማው ወጣ። ስትራቫ የሚባለው መተግበሪያ የሮጥክበትን መንገድ በመስመር ስሎ ያሳያል፤ ምሰሶ መቁጠር ቀረ! አዲስ አበባ ያለ አንድ መሐንዲስ የአሶሳን መስመሬን አይቶ «ይህ መንገድ ምን ያህል ይሞቃል?» ብሎ ጠየቀኝና ወዳጅነት ተጀመረ። አሶሳ አድጋ አሜሪካ የገባች እህታችን በፖቶማክ ወንዝ ዳር በበረዶ የሮጠችበትን ትልካለች፤ እኛ የበሰለ ማንጎ ሥር የቆምንበትን እንልካለን። «ይህን ፎቶ ዳግመኛ አትላኩብኝ፣ አለቀስኩ» ትላለች። በማግስቱ ራሷ «ማንጎው ደረሰ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

መጋቢት 2012 ኮሮና አገራችን ሲገባ አብሮ መሮጥ ቀረ። ያኔ ስልኩ ባይኖር ምን እንሆን ነበር? እያንዳንዳችን ለብቻችን ወጥተን፣ ርቀቱን ጽፈን፣ ጋሼ ማታ ማታ ይደምሩልን ነበር። ታላቁ ሩጫም ተራዝሞ ጥር 2 ቀን 2013 ዓ.ም. በ12,500 ሰው ብቻ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደን የወለጋው መንገድ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋባቸው ጊዜያት መጡ። ክፉ ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ የቡድናችን መልእክት አጭር ነበር፤ «ደህና ነን። ዛሬ ከከተማ አልወጣንም።»

መንገዱ ሲሻል፣ ከአሶሳ ለታላቁ ሩጫ የሄድንበት ኅዳር ግን እስክሞት አይረሳኝም። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው፤ መስቀል አደባባይ በአንድ ዓይነት ካኒቴራ ተጥለቅልቆ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ድምፁን ብቻ የምናውቀውን መሐንዲስ እንፈልጋለን! እጁን እያውለበለበ ሲጠራን ሁላችንም በአንድ ጊዜ በድምፁ አወቅነው። «አንተ ነህ እንዴ?» «እናንተ ናችሁ እንዴ?» ተቃቅፈን የመነሻው ተኩስ ሊያመልጠን ነበር። አየሩ ግን አልራራልንም። ከ1,500 ሜትር ወጥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ መሮጥ ደረት ያቃጥላል፤ መሐንዲሱ ቀድሞን መድረስ እየቻለ ዳገቱን በሙሉ ከጎናችን አልተለየም።

ሚያዝያ ላይ ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሙቀቱ ገና በአምስተኛው ኪሎ ሜትር ያዘው። ጋሼ «ቀስ በል ልጄ፣ አሶሳ ውስጥ የሚጣደፍ ሰው የለም» ብለው አብረውት በእርምጃ ተመለሱ። የሆምሻው ጓደኛችን ቤት ገብተን ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀርቦልን፣ ማንጎው በባልዲ ተከትሎ፣ መሐንዲሱ «ከዚህ ቤት አልወጣም» ሲል ሳቃችን ግቢውን አናወጠው።

መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግስት አሰፋ በርሊን ላይ በ2:11:53 የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ስትሰብር የት ነበርን? በየስልካችን፣ ግን አንድ ላይ! አንዱ ኔትወርክ ሲቆረጥበት ሌላው በድምፅ ያስተላልፍለታል፦ «35 ደረሰች! አሁንም አልቀነሰችም!» የባንኳ እህታችን ጩኸት የስልኩን ድምፅ ማውጫ ሊሰነጥቀው ነበር። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016፣ በተጠባባቂነት ተይዞ የነበረው ታምራት ቶላ የፓሪስን ዳገት አልፎ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ከፖቶማክ ዳር እስከ ሆምሻ አንድ እልልታ ሆነ። የሲድኒ ዕለት ሻይ ቤት ውስጥ ከጮኸው ሕዝብ በማግስቱ አንድም ሰው አልሮጠም ብያለሁ። ከፓሪስ በማግስቱ ጠዋት ግን፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ቡድናችን አንድ ሰው ሳይጎድል ወጣ። አዲስ ፊቶችም ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ለሥራም ይሁን ለዘመድ ጥየቃ ወደ አሶሳ የምትመጡ ከሆነ የሩጫ ጫማችሁን ሻንጣ ውስጥ ክተቱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በባምባሲ መንገድ ታገኙናላችሁ፤ ፍጥነታችሁን አንጠይቅም። በየከተማችሁ ደግሞ ጠዋት ብቻውን የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሰላም በሉትና ስልኩን ተቀበሉት።