ከፋዩና ግጥም ሰጪው

ነገሩን ከሩቅ አላመጣውም፤ ከሰፈሬ ከልደታ ልጀምር።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ደረሰና ትምህርት ቤታችን ሽር ጉድ ያዘ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ በየዓመቱ መከበር የጀመረው ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ስለዚህ በዓሉም እኔም ገና ልጆች ነበርን። መምህራችን አሰልፈው ደለደሉን፦ «አንተ አፋር፣ አንቺ ሐመር፣ አንተ ደግሞ ጋሞ»። ለእኔ ጋሞ ደረሰኝ። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ ሱሪ የባህል ልብስ ከሚያከራይ ሱቅ መጣልኝ። ዘፈኑን ከሲዲ እየሰማን በሁለት ሳምንት ሸመደድነው። በዕለቱ ጨፈርን፣ ተጨበጨበልን፣ አንዳንድ ሚሪንዳም ተሰጠን።

ልብሱን ሳላወልቅ ወደ ቤት በረርሁ። በግቢያችን ከዶርዜ የመጡ አንዲት እማማ ነበሩ። ባለቤታቸው ሸማኔ ስለነበሩ ጧት የምንነቃው በመወርወሪያው ድምፅ ነው። እማማ ዱንጉዛዬን ሲያዩ መጀመሪያ በሳቅ ፈረሱ። ቀጥለውም «እስቲ በል ዝፈንልኝ» አሉ። ዘፈንሁላቸው። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣

«ምን ማለት ነው አሁን ይኼ?» አሉኝ።

«አላውቀውም እማማ።»

«እኔም አላወቅኩት» አሉ።

ቃሉ በእኛ አፍ ተሰባብሮ ተሰባብሮ ባለቤቱ እንኳ ሊለየው አልቻለም። እማማ ይኖሩ የነበረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሦስት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ለልብስ ኪራይ፣ ለድንኳን፣ ለድምፅ ማጉያና ለሚሪንዳ ገንዘብ ተገኝቷል። «እማማ፣ እባክዎ ይህን ዘፈን ያስተካክሉልን» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ የተነሣ ክርክር ነው። መንግሥት ለኪነ ጥበብና ለልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህል ገንዘብ ማውጣት አለበት ወይስ የለበትም? አንዱ «ሆስፒታል አልጋ ያጣ በሽተኛ እያለ ለእስክስታ በጀት ይመደብ?» አለ። ሌላው «ሰው በእንጀራ ብቻ አይኖርም» ብሎ መለሰለት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተሟገቱ። እኔ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁት ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን ሁለቱም በከፊል ልክ ሆነውብኝ ነው። እነሆ መልሴን በዚህች ገጽ እሰጣለሁ።

ባህል ያለ መንግሥት ገንዘብ ይኖራል የሚለውን ወገን በቀላሉ የምጥለው አይደለም። ግንቦት 1 ቀን ልደታ በሰፈራችን ስትከበር ያየ ሰው ይመሰክራል። ሴቶቹ ከየቤቱ መዋጮ ይሰበስባሉ፣ ከደጅ እሳት ይነድዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። እማማም ቆጯቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ስኒዎቿን ታበድራለች። ብዝኀ ባህል የሚባለውን ቃል ሰምተን ሳናውቅ በአንድ ሰፌድ ላይ እንቆርሰው ነበር። ለዚህ ሁሉ መንግሥት አንዲት ሳንቲም አላዋጣም።

ታዲያ ይህ ሰፌድ የት ደረሰ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈራችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ። እኛ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እማማ ግን የቤቱ ባለመብት ሳይሆኑ ተከራይ ነበሩና ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ ሽሮ ሜዳ ሄዱ። ቤቶቹ ያረጁ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ነበር፤ አላዝንለትም። የማዝነው ለግቢው ነው። መንግሥት ለሰፌዳችን አላዋጣም፤ ሰፌዱ የተቀመጠበትን መሬት ግን አነሣው። በእኛ ሀገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ። መሬቱን የያዘ፣ መንገዱን የሚቀይስ፣ ልጁን በምን ቋንቋ እንደሚማር የሚወስን አካል «ባህል የእኔ ጉዳይ አይደለም» ቢል ማን ያምነዋል? እጁን ያስገባው ገና ዱሮ ነው። ስለዚህ «ይክፈል ወይስ አይክፈል» ብሎ መጠየቅ ለእኔ ዘግይቷል። ጥያቄው «ከፍሎስ ምን ይጠይቃል?» ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከአባቴ የተሻለ መምህር አላገኘሁም። አባቴ በ1970ዎቹ በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት አባል ነበር። የጉሊት ነጋዴ ልጅ ነው። «አኮርዲዮን በዓይኔ አይቼ የማላውቀውን ልጅ ቀበሌ ጠርቶ በነፃ አስተማረኝ» ይላል። ልምምዱ በአዳራሹ ነበር፤ ከበሮ አለ፣ ክራር አለ፣ አስተማሪ አለ። ግጥሙ ግን በወረቀት ተጽፎ ይመጣል። ከዚያ ውልፍት የለም። አንድ ጓደኛው አንዲት ስንኝ ቀይሮ ዘፈነ። በማግሥቱ ከቡድኑ ወጣ። እናቱም ስኳር ሊወስዱ ቀበሌው ሱቅ ሲሄዱ «አልቋል» ተባሉ፤ ከኋላቸው ለተሰለፈው ሰው ግን ተሰፈረ። አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል፤ «ጣቴን የፈቱት እነሱ ናቸው፤ አፌን የሸበቡትም እነሱ ናቸው»።

ይህ የአባቴ ብቻ ታሪክ አይደለም። በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር፤ የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ እስከ ዛሬ ስማቸው ይነሣል። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ፣ ሀገራችን በዓለም ፊት የረሃብ ስም በሆነችበት ጊዜ፣ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ቡድን የብዙ ብሔረሰቦችን ዘፈንና ውዝዋዜ ይዞ ብዙ አገሮችን ዞረ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ያሰናዳው ግን ያው አፍ የሚሸብበው መንግሥት ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መናገር አለብን።

ወደ ኋላ ብንሄድም መልኩ ተመሳሳይ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለው በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የንጉሡን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ ነው። ከልደታ በሜክሲኮ አድርጌ በእግሬ ስሄድ ከፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አይቼ አልፋለሁ። አንበሳው ለዘውድ ተቀረጸ፤ ዘውዱ ሄደ፣ መድረኩ ቀረ።

ጥላሁን ገሠሠን የሰጠን ማን ነው? ከሀገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል የሄደ ዘፋኝ ነው፤ ማለት ከአንዱ የመንግሥት ደመወዝ ወደ ሌላው። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ከታሰሩት አንዱም እሱ ነበር። አሳዳጊውም አሳሪውም አንድ ነበር።

በዩኒቨርሲቲያችንም ምሳሌ አለን። በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ግብፅ ተወልዶ ያደገው ሐሊም ኤልዳብ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ለየብቻ ይሰሙ የነበሩት ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ይህን የመሰለ ነገር ገበያ ብቻውን አያመጣውም። ለበገና ደርዳሪ ቲኬት የሚገዛ ሰው ከመገኘቱ በፊት፣ ደርዳሪው የሚቀመጥበትን ወንበር የሚገዛ ያስፈልጋል።

በውጭ አገርም ችግሩ ያው ነው። ሀገር ፍቅር በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ አሜሪካ ሥራ ላጡ የቲያትር ሰዎች የፌዴራል ቲያትር ፕሮጀክት የሚባል አቋቁማ ነበር። በ1939 ኮንግረሱ ገንዘቡን አቋረጠ፤ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ተውኔቶቹ ግራ ዘመም ናቸው የሚል ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1946 ሌላ ዘዴ ሞከሩ። መንግሥት ገንዘቡን በጥቅሉ ለአንድ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት ይሰጣል፤ የትኛው ቲያትር ስንት ያግኝ የሚለውን ምክር ቤቱ ይወስናል። የምክር ቤቱን አባላት የሚሾመው መንግሥት ነውና ዘዴው ቀዳዳ አያጣም። ሆኖም በከፋዩና በመድረኩ መካከል አንድ አጥር አለ።

እኛ ግን ለዚህ ምሳሌ ለንደን ድረስ መሄድ የለብንም፤ አዝማሪ ቤት ይበቃናል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል። ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሥርዓቱ ነው፤ ነውር የለውም። ጎበዝ አዝማሪ ግን ጥቂት ቆይቶ በሰምና ወርቅ ወደ ከፋዩ ይዞርና ይወጋዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ከፋዩም ስቆ ይደግማል። ገንዘብ የሰጠ ሰው አንድ ሁለት ግጥም ቢሰጥ ክፉ አይደለም። ክፉው ሌሊቱን ሙሉ ግጥም ሰጪው እሱ ብቻ ሲሆንና አዝማሪው መልስ ሲከለከል ነው። መንግሥታቶቻችን ሲከፍሉ የኖሩት እንዲህ ነው፤ ብሩን ለጥፈው ሌሊቱን ሙሉ «ተቀበል!»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 መንግሥት ባህሎችን በእኩልነት የመደገፍ፣ አቅም በፈቀደ መጠንም ኪነ ጥበብን የማስፋፋት ግዴታ አለበት ይላል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል ብዙ ጊዜ ማምለጫ ስትሆን አይቻለሁ። አቅሙ ለኅዳር 29 ድንኳን ይፈቅዳል፤ ለመዝገበ ቃላት ግን አይፈቅድም። በአገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች አሉ። ብዙዎቹ በዓመት አንድ ቀን ይጨፈርባቸዋል፤ በቀሩት ቀናት ማን ይጽፍባቸዋል? ማን ያስተምርባቸዋል?

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምለው ይህ ነው። መንግሥት ይክፈል። ለአዳራሽ፣ ለሙዚቃ መሣሪያ፣ ለመምህር፣ ለወረቀት፣ ለድምፅ መቅጃ ይክፈል፤ ማለትም ጣት ይፍታ። አፉን ለባለቤቱ ይተውለት። ማን ስንት ያግኝ የሚለውን ሹም ሳይሆን ሙያውን የሚያውቁ፣ በየጊዜው የሚለወጡ ሰዎች ይወስኑ፤ ውሳኔያቸውም በአደባባይ ይለጠፍ። የአንድን ሕዝብ ባህል ለማሳየት ሲነሣ ደግሞ ከልብስ አከራይ ሳይሆን ከእማማ ይጀምር። ሆስፒታሉን ላነሣው ጓደኛዬም መልስ አለኝ። ከበሽተኛው አልጋ ይነሣ አላልሁም። ለአንድ ቀን ድንኳን ከወጣው ላይ ቢነሣለት ለእማማ ይበቃቸው ነበር።

ባለፈው ግንቦት እማማን ፍለጋ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። አርጅተዋል፤ ባለቤታቸው አርፈዋል። «ያ ዱንጉዛ ለባሹ!» ብለው አቀፉኝ። ያን የሰበርነውን ዘፈን ከቀረችኝ ዜማ አስታወስኋቸውና ሲስቁ ቆይተው አወቁት። የደቦ ዘፈን ነው አሉ፤ ጎረቤትን ለእርሻ የሚጠሩበት። በስልኬ ቀዳሁት፤ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በፊደል ልጽፈው ሞክሬ ሁለት መስመር ላይ ተሰናከልሁ። አዲስ አበባ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው ከጎናችን ተቀምጣ ትሰማ ነበር። «ምን ማለት ነው?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት።

አሁን ዘፈኑ ያለው በእማማ ደረትና በእኔ ስልክ ውስጥ ነው። ስልክ ደግሞ ይሰረቃል።

አንድ ነገር ሳልናዘዝ አልዘጋም። ይህች መጽሔት የምትባዛበት ወረቀትና ቀለም ከዩኒቨርሲቲው ግምጃ ቤት ነው የሚወጣው፤ የዩኒቨርሲቲው በጀት ደግሞ የመንግሥት ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ እኔም ተከፍሎልኛል። የበላሁበትን ወጭት ሰባሪ የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ወጭቱን አልሰበርሁም። የእናቴ ግብር፣ የእማማ ባል የሸማ ሥራ ግብር ያለበት ወጭት ነውና፣ ከእሱ እየበላሁ ወጡ ጨው እንዳነሰው መናገር የምችል ይመስለኛል።