የመስቀል ወፍ የት ከረመ?

ብዙ ቀን ያልታየ ጓደኛ ወደ መኝታ ክፍላችን ብቅ ሲል «ምነው፣ የመስቀል ወፍ ሆንክሳ!» እንለዋለን። በዓመት አንዴ ብቻ ትመጣለህ ማለታችን ነው። ለመሆኑ ወፉ የት ይከርማል?

በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ሩቅ አገር አይሄዱም። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ፣ ድንቢጥ መሳይ ስለሚሆን ልብ አንለውም። በክረምት የመራቢያው ወራት ሲደርስ ላባውን ይለውጥና ጥቁር ከቀይ፣ ወይም ጥቁር ከቢጫ ለብሶ ይታያል። «መጣ» የምንለው ያን ጊዜ ነው።

እውነተኛው መንገደኛ ነጭ ሽመላ ነው። በነሐሴ ከአውሮፓ ይነሣል። የሚንሳፈፈው ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ስለሆነ ሰፊውን ባሕር ትቶ በቦስፎርና በሲና በኩል ይዞራል። በአገራችን ስምጥ ሸለቆም ይታያል፤ በየካቲትና በመጋቢት ወደ ሰሜን ይመለሳል።

ነገ ገጠር ስንመደብ ተማሪ «የመስቀል ወፍ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። «ከሩቅ አገር» ብለን ብንገላገል፣ ልጁ ደጁ ያለውን ወፍ ሳያውቅ ያድጋል፤ ቡናማ ሲሆንም በወንጭፍ ይመታዋል። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግለጣችን በፊት ልጆቹን ይዘን ወደ መስኩ እንውጣ፤ በመስከረም ብቻ ሳይሆን በበጋም ጭምር።