የተደማመረ ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም

ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የተማርኩትን ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የኤሌክትሪክ መረብን ከኮምፒዩተር ጥቃት ስለ መጠበቅ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። ለዚህ ያበቃኝ እኔው ራሴ የፈጸምኩት ጥፋት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት አንድ አራተኛ ክፍል ተሰጥቶኝ ነበር። የተማሪዎቹ ቁጥር 58 ሲሆን ስም መጥራት፣ ማረምና ሮስተር መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች፤ ብትመጣም ብትቀርም ልብ የሚላት የለም። እኔም ጧት ጧት ስም መጥራቱ ሲሰለቸኝ ክፍሉን በዓይኔ ቃኘት አድርጌ ለሁሉም «አለ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ሮስተር የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ባየው የልጅቷ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፈተናዎች የሉም። ጊዜው ጠቦኛል። ቀደም ሲል ከ10 ስድስትና ሰባት ታገኝ ስለነበር ስድስትና ሰባት ሞላሁላት። ደመርኩ፣ አማካይ አወጣሁ፣ ደረጃዋን ጻፍኩ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ወደ ጎንም ወደ ታችም ደምረው አመሳከሩ፤ አንድም ቁጥር አልተዛነፈም። «ጎበዝ፣ ንጹሕ ሮስተር ነው» ብለው ፈረሙ።

በየካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ያችኑ ልጅ ቆሎ ስትሸጥ አገኘኋት። «ቲቸር!» አለችና ደንግጣ ትሪውን ከኋላዋ ሸሸገችው። «ትምህርትስ?» ብላት «ከገና በፊት ነው የተውኩት» አለችኝ። ምን ልበላት? በእኔ ሮስተር ላይ እኮ ከ58 ተማሪ 31ኛ ወጥታ ተፈርሞባታል። «በይ በርቺ» ብዬ አለፍኩ።

ለፋሲካ ቤተሰብ ዘንድ ስሄድ የአክስቴ ልጅ ከስዊድን መጥታ ደረሰች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ለዶክትሬት እየተማረች ሲሆን፣ ዘመድ ሁሉ «መብራት ታጠናለች» ከማለት በቀር ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ የለም። ማታ እራት ላይ እንዳለን መብራት ሄደ። አባቴ ቀልድ ይወዳሉና «በይ እንግዲህ፣ ለመብራት ነው የተማርኩት ካልሽ አብሪልን!» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። ሻማ ከተለኮሰ በኋላ ግን እኔ የምሬን «እውነት እትዬ፣ የምታጠኚው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ ሞልተህ የምታኖረው ነገር አይደለም» አለችኝ። «የሚመነጨውና የሚፈጀው በየሰከንዱ መመጣጠን አለበት። ይህን የሚቆጣጠሩት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚርቁ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን በኮምፒዩተር ይከታተላሉ። የሚያዩት ግን ሽቦውን አይደለም፤ መለኪያዎች የላኩላቸውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከዋሸ እነሱም ተሳሳቱ ማለት ነው።»

ከዚያም ታሪኩን ከሥሩ አጫወተችኝ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ኦንታሪዮ መብራት ጠፍቶ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ አመሸ። መረቡን በቅርብ የመከታተል ነገር ከዚያ ወዲህ በብርቱ ታሰበበት። በ1970 የኤም.አይ.ቲ. መምህር የነበሩት ፍሬድ ሽዌፕ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን የማመሳከሪያ ዘዴ አቀረቡ። ነገሩ በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ የአራተኛ ክፍል ልጅ ይገባዋል። ወደ አንድ ጣቢያ 100 ገብቶ በሁለት መስመር 60ና 40 ይወጣል እንበል። አንዱ መለኪያ ተበላሽቶ በ60 ፈንታ 70 ቢል፣ 70ና 40 ሲደመር 110 ስለሚሆን ከገባው ጋር አይስማማም። ኮምፒዩተሩም የሌሎቹን ጣቢያዎች ቁጥር ጭምር እያስተያየ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ያወጣል።

«ታዲያ ይህ ካለ ምን ያስፈራል?» አልኳት።

«የሚያስፈራው በ2009 ታወቀ» አለች። በዚያ ዓመት ያኦ ሊዩ፣ ፔንግ ኒንግና ማይክል ራይተር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ያኦ ሊዩ ያን ጊዜ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ያሳዩት ነገር ይህ ነው፦ የመረቡን አሠራር የሚያውቅ ክፉ ሰው 60ውን 70፣ 40ውን ደግሞ 30 ቢያደርገው ድምሩ ያው 100 ነው። መስመሮቹ በሚደርሱባቸው ጣቢያዎች ያሉትንም ቁጥሮች እንዲሁ አስማምቶ ከለወጣቸው ማመሳከሪያው አንዳችም ነገር አይጠረጥርም። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ተስማምተዋል፤ ከሽቦው ጋር ግን አልተስማሙም።

እዚህ ላይ ሲደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሻማው ደብዛዛ ሆኖ ማንም አላየኝም እንጂ ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም። ስድስትና ሰባት! ወደ ጎን ቢደመር፣ ወደ ታች ቢደመር አይዛነፍም።

ነገሩ የወረቀት ላይ ሥጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ የተፈጸመውንም ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015) በምዕራብ ዩክሬን፣ በኢቫኖ ፍራንኪቭስክ አካባቢ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ በአንድ መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጡ ሠራተኞች ሳይነኩት የኮምፒዩተራቸው ጠቋሚ በራሱ ሲንቀሳቀስ አዩ። ጠቋሚው ዓይናቸው እያየ የማከፋፈያ ጣቢያዎችን አንድ በአንድ ያጠፋ ጀመር። ሰርጎ ገቦቹ ከወራት በፊት ሰነድ የተያያዘበት ደብዳቤ በኢ-ሜይል ልከው፣ ሠራተኞች ሰነዱን ሲከፍቱ ገብተው፣ የይለፍ ቃል ሰርቀው ቆይተዋል። በዚያች ቀን ሦስት አከፋፋይ ድርጅቶች ተመቱ፤ 225,000 ያህል ደንበኞች መብራት አጡ። ሕዝቡ ደውሎ እንዳያሳውቅ የስልክ መስመሩን በሐሰት ጥሪ አጨናነቁት፤ ኮምፒዩተሮቹንም አጠፉባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በኪየቭ ከተማ ትእዛዙን የሰጠ እጅ አልነበረም፤ የመሣሪያዎቹን ቋንቋ የሚናገር ፕሮግራም ራሱ መብራቱን አጠፋ።

ኮምፒዩተር ብረት ሊሰብር ይችላል ወይ የሚል ቢኖር ደግሞ፣ በ2007 በአሜሪካ የአይዳሆ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ 27 ቶን የሚመዝን የናፍጣ ጄኔሬተር ለሙከራ አቅርበው ነበር። ማብሪያ ማጥፊያውን ያለ ጊዜው በመክፈትና በመዝጋት ብቻ ጄኔሬተሩን አንቀጥቅጠው፣ አጭሰው ከጥቅም ውጭ አደረጉት። ቁጥር መዋሸቱንም ዓለም አይቶታል። በ2010 የተደረሰበት ስተክስኔት የተባለው ፕሮግራም በኢራን ናታንዝ መሣሪያዎቹን እያበላሸ፣ ለተቆጣጣሪዎቹ ግን አስቀድሞ የቀዳውን የደህና ቀን ልኬት ያሳያቸው ነበር።

ወደ ዩክሬን ልመለስና፣ መብራቱ እንዴት ተመለሰ ብትሉ፣ ሠራተኞች መኪና አስነሥተው በየጣቢያው እየሄዱ በእጃቸው አበሩት። ከአንድ እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። እትዬ ይህን ስትናገር «ኮምፒዩተር የማይደርስበት እጅና እግር ስለነበራቸው ነው» አለች።

የእሷ ጥናትስ? የመረቡን መለኪያ ሁሉ በዘበኛ ማስጠበቅ አይቻልም፤ እጅግ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መለኪያ «ይህ ሳይታወቅበት እንዲዋሽ ስንት ሌሎች መለኪያዎች አብረውት መዋሸት አለባቸው?» ተብሎ ይሰላል። ሃያ ሌሎች የሚያስፈልጉት ከሆነ ጠንካራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ከበቁት ግን ደካማ ነውና ጥበቃው እዚያ ላይ ይጠናከራል። ከሌሎቹ ተለይቶ በራሱ መንገድ የሚመጣ ልኬት እንዲኖርም ይደረጋል። በጥንቃቄ የተመረጡ መለኪያዎች በሚገባ ከተጠበቁ የቀሩት ተባብረው ቢዋሹ እንኳ ይጋለጣሉ። ሦስት ዓመት የለፋችው እነዚህን ስትፈልግ ነው።

ያን ሌሊት ሁሉም ሲተኛ የሮስተሩን ነገር ነገርኳት። አልተቆጣችም። «አንተ እንኳ ጠላት አልነበርክም፤ ሰንፈህ ነው። ለተቆጣጣሪው ግን ሁለቱ አንድ ናቸው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድምር የተማረ ሰው ስሕተትን የሚፈልገው ድምሩ ከተዛነፈበት ቦታ ነው። ልጅቷን ያጠፋኋት ደግሞ ድምሩ እንዳይዛነፍ አድርጌ ነበር። ባዶውን ትቼው ቢሆን ኖሮ ኃላፊው መምህር «ይህች ልጅ የት ሄደች?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ከበዓል ስመለስ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው መምህር ነገሩን ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «የእኔም ፊርማ አለበት እኮ!» ብለው ተቆጡኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም በማግሥቱ አብረን የልጅቷ እናት ቤት ሄድን። እናትየው ከገና በፊት ጀምሮ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ ቤቱ የሚበላው በቆሎዋ ነው። ብዙ ተነጋግረን ልጅቷ ጧት እንድትማር፣ ከሰዓት በኋላ እንድትሸጥ ተስማማን። ሮስተሩ ተስተካክሎ ስድስቱና ሰባቱ ተሰረዙ። የእኔም የልምምድ ውጤት ተቀነሰ፤ ቅር አላለኝም።

ጓደኞቼ፣ እኛ ነገ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ አንቀመጥም፤ ዳሩ ግን ስለ ልጆች ቁጥር የምንልክ መለኪያዎች ነን። ወረዳው የሚያየው እኛ የላክነውን ነው። ስለዚህ በበኩሌ ለመምህራኖቻችንም ለእኛም አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የልምምድ ሮስተር ሲመረመር በመደመር ብቻ እንዳይታለፍ። ከመካከሉ አምስት ስሞች በዕጣ ይውጡና የፈተና ወረቀታቸው ይቅረብ፣ ልጆቹም በአካል ይታዩ። ሁሉን ማየት አይቻል ይሆናል። አምስቱ እነማን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን የሚደፍር አይኖርም። እኔ ብሆን አልደፍርም ነበር።

ልጅቷ ከፋሲካ ወዲህ ከክፍል አልቀረችም። ስሟ ሲጠራ ድምፅዋ አይሰማም፤ እጇን ነው የምታወጣው። አሁን ቀና ብዬ እጇን ሳላይ ምልክት አላደርግም። በሮስተሩ ላይ ሁለቱ ቦታዎች ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ አማካይዋም ወርዷል። ያ ሮስተር እንደ ፊተኛው ንጹሕ አይደለም፤ እውነት ግን ነው።