«ከዳ» እና «ሄደ»፤ በማሕሙድ አሕመድ የስንብት ምሽት

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ምሳሌ፣ አማርኛ ስንማር በመጀመሪያ ካጠናናቸው ምሳሌዎች አንዱ ነበረ። ትርጉሙም ሰው ስለ ሌላው የሚወራውን ሁሉ እየሰማ ስለ ራሱ የሚባለውን ግን ሳይሰማ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ቃል በእኛ ላይ እንዴት እንደ ተፈጸመ የተረዳነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘፈን አዳራሽ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ በአዲስ አበባ በሚሌኒየም አዳራሽ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከመድረክ ሲሰናበቱ ከታዳሚዎቹ መካከል ነበርን። እንግዲህ በዚያ ምሽት ያጋጠመንን፣ እንደ እኛው አማርኛን በትምህርት ላገኙና በማግኘት ላይ ላሉ የሥራ ባልደረቦቻችን ልንጽፍ ወደድን።

አማርኛን የተማርነው በሁለት ትምህርት ቤቶች ነው። አንደኛው በአዲግራት የነበርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአባታችን የጭነት መኪና ነው። አባታችን ከአዲግራት ተነሥተው በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በአላማጣ፣ በወልድያና በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ ጭነት የሚያመላልሱ ሾፌር ነበሩ። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ወራት አንዳንድ ጊዜ ከጎናቸው አስቀምጠው ይዘውን ይሄዱ ነበር። በመኪናው ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ካሴቶች መካከል አዘውትረው የሚከፍቱት የማሕሙድ አሕመድን ነበረ። ካሴቱ ከብዙ ማገልገሉ የተነሣ ክሩ ሲጠላለፍ፣ መኪናውን ዳር አስይዘው ክሩን በእርሳስ እያዞሩ ይጠቀልሉትና እንደ ገና ይከፍቱታል። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በምንወርድበት ጊዜ ግን ካሴቱን ይዘጉ ነበር፤ «እዚህ ላይ ከዘፈነ እጄ መሪውን ይረሳዋል» ይሉን ነበር።

አባታችን ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማሩም። በመንገዱ ሁሉ ግን ከገበሬውም ከነጋዴውም ከቀረጥ ሠራተኛውም ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። አማርኛን ማን አስተማራችሁ ብለው ሰዎች ሲጠይቋቸው «ማሕሙድ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። አዲስ አበባ ስንደርስ ጭነቱ የሚራገፈው መርካቶ ነበረና፣ በዚያ ጫማ የሚጠርጉትን ልጆች እያመለከቱ «ማሕሙድም እንደ እነዚህ ሊስትሮ ነበረ፤ አየህ» ይሉናል።

የነገሩንም እውነት ነበረ። ማሕሙድ አሕመድ ከጉራጌ ቤተሰብ በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ጫማ በመጥረግ ይተዳደሩ ነበር። ኋላም «አሪዞና» በሚባለው የምሽት ክበብ ተቀጥረው የተገኘውን ሥራ ሁሉ ሲሠሩ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሳይመጡ ስለ ቀሩ እርሳቸው ወጥተው እንዲዘፍኑ ተፈቀደላቸው። በዚያ ቤት ይጫወቱ የነበሩት የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ነበሩና፣ ከዚህ በኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ገብተው ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት እስከ ወደቀበት እስከ 1974 አገለገሉ። በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያወጡት «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም አገር ታትሞ ለአውሮፓ አድማጮች ሲቀርብ፣ የኢትዮጵያ ዘፈን በውጭ አገር እንዲታወቅ በር ከፋች ሆኖአል። በ2007ም የቢቢሲ ሬዲዮ የዓለም ሙዚቃ ሽልማት ተሰጣቸው። ሊስትሮው ልጅ እዚህ ደረጃ መድረሱ ለአባታችን ዘፈን ብቻ አልነበረም፤ ልጃቸውን የሚመክሩበት ምሳሌም ነበረ።

ይሁን እንጂ አባታችን የሚወዷቸውን ዘፋኝ በዓይናቸው አላዩአቸውም። ጭነት አራግፎ በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ ሾፌር ለምሽት ክበብ ጊዜውም ገንዘቡም የለውም። እኛ በ2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመንግሥት ሥራ በያዝን ጊዜ «አሁን ደመወዝ አለን፤ አንድ ቀን አብረን ገብተን እናያቸዋለን» ብለን ቃል ገባንላቸው። እርሳቸውም ስቀው «ቀኑን አንተ ቁረጥ፤ እኔ መኪናዬን አቆማለሁ» አሉን። ቀኑን ሳንቆርጥ ዓመታት አለፉ።

አሁን ስለ አንድ ቃል እንናገር። በአምስተኛ ክፍል ሳለን ከካሴቱ የሰማናቸውን ዘፈኖች በሃይማኖት ትምህርት ደብተራችን ጀርባ እንጽፍ ነበር። አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን፣ አንድ አረጋዊ ቄስ፣ ደብተሩን አገኙት። በበርበሬ የሚያጥኑን መስሎን ስንፈራ፣ እርሳቸው ቀይ እርሳስ አውጥተው የፊደሉን ስሕተት ብቻ አረሙልን። እኛ «ከደች» ብለን የጻፍነውን «ከዳች» ብለው አቀኑና በጠርዙ ላይ «ትርጉሙ ይለያል» ብለው ጻፉበት። በትግርኛ «ከደ» ማለት ሄደ ማለት ነው፤ ከግዕዙ «ኬደ» ጋር አንድ ዘር ነው። የአማርኛው «ከዳ» ግን እምነትን ማጉደል፣ ወዳጅን ትቶ መሸሽ ነው። እኛ በልጅነታችን በፍቅር ዘፈን ውስጥ የምትወቀሰውን ሁሉ፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ የዘገየች አድርገን እንገምት ነበር።

ይህን የመሰለ ስሕተት ከዚያ በኋላም አልቀረልንም። ሥራ በያዝን በመጀመሪያው ወር፣ ቀደም ብለው የመጡ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ እንደ ገና ሲመጡ፣ እንዳወቅናቸው ልንገልጽላቸው «አባቴ፣ ፈለጥኩዎት እኮ!» አልናቸው። በትግርኛ «ፈለጠ» አወቀ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን እንጨት በምሳር መሰንጠቅ ነው። ሽማግሌው ወደ ኋላ አፈግፍገው «ምን አጠፋሁ ልጄ?» አሉ። ቢሮው በሳቅ ተሞላ፤ እኛም ሳቅን። ቃሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተሳሳትንበትም።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ጊዜ ስልክና መንገድ ተቋርጦ ነበረና፣ እንደ ብዙዎች ሁሉ እኛም ከቤተሰባችን ድምፅ ሳንሰማ ከረምን። አባታችን በዚያ መካከል ታመው በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። መርዶውን ያመጡልን የአባታችን የቀድሞ የመንገድ ባልደረባ ሲሆኑ፣ የእርዳታ እህል ጭነው መቀሌ ደርሰው በተመለሱ ጊዜ ከአንድ ዘመዳችን የሰሙትን ነበር የነገሩን። እኒህ ደግ ሰው ካጽናኑን በኋላ፣ የሟችን ቃል መሸሸግ ነውር መስሏቸው «በመጨረሻው ሰሞን ልጄ ከዳኝ፣ ልጄ ከዳኝ እያሉ ነበር አሉ» ብለው ጨመሩ።

ምን እንበል? እኛ በአዲስ አበባ ደመወዝ እየበላን ስንኖር፣ አባታችን መድኃኒት ባጡበት አልጋ ላይ ሆነው ከዳኝ ማለታቸው ለእኛ ፍርድ ሆነብን። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብለን ለሰው መናገር ይቻለን ነበር፤ ለራሳችን ግን መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ስድስት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደ ሄድን እንቆጥር ነበር። ስልኩ ከተከፈተ በኋላ ከቤት ሰዎች ጋር ስንነጋገርም፣ ስለ አባታችን የመጨረሻ ቀኖች አንድም ቀን አልጠየቅንም። የማሕሙድንም ዘፈን በየታክሲው ስንሰማ ቶሎ መውረድ ጀመርን።

የስንብቱ ምሽት መዘጋጀቱ በተነገረ ጊዜ፣ ታናሽ እህታችን ገናን ከእኛ ጋር ልታከብር ከአዲግራት መጥታ ነበር። አባታችንን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እርስዋ ናት። በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበረ አማርኛዋ ገና ደካማ ነው። ከሻንጣዋ ውስጥ በሶና ማር ካወጣች በኋላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ካሴት ሰጠችን። ክሩ እንደ ልማዱ ወጥቶ ተጠላልፎ ነበር። መኪናው ከተሸጠ በኋላ አባታችን ለራሳቸው ያስቀሩት እርሱን ብቻ ነበረ። በማግሥቱ ሁለት የመግቢያ ካርድ ገዛን።

አዳራሹ፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ለ2000 ዓ.ም. የሚሌኒየም በዓል የተሠራው ነው። በደጁ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሎችና የእነርሱ የልጅ ልጅ የሚሆኑ ወጣቶች ተቀላቅለው ተሰልፈዋል። ማሕሙድ አሕመድ በ83 ዓመታቸው ወደ መድረክ ሲወጡ ሕዝቡ ሁሉ ብድግ አለ። እኛ በካሴቱ የምናውቀው የጎልማሳ ድምፅ ነበረ፤ በጉሮሮ ውስጥ እንደ ውኃ የሚርገበገበውና ሳይቆረጥ የሚረዝመው። አሁን የዕድሜ ድካም ገብቶበታል። ሆኖም ያ መርገብገብ አልጠፋም ነበርና፣ አንድ ስንኝ እንደ ጀመሩ የአባታችን መኪና ሽታ፣ የናፍጣውና የብርቱካን ልጣጩ፣ በአፍንጫችን መጣ። ድምፃቸው ዝቅ ባለበት ቦታ ሕዝቡ ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ እርሳቸውም ፈገግ ብለው ያዳምጡታል። እኛም ከሕዝቡ ጋር ዘፈንን። እህታችን ቃሉን ባታውቅም ዜማውን አንድም ሳትስት ተከተለችው፤ ከዚያው ካሴት ነበር የተማረችው።

በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው ሕዝቡን አመስግነው ከመድረኩ ሲወርዱ፣ ከኋላችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዕንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ «ጋሽ ማሕሙድ ከዱን እኮ!» ብለው ጮኹ። ይህ የሚወደድ ሰው ሲለይ በቁልምጫ የሚነገር ወቀሳ ነው። እህታችን ግን ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ፣ በሐዘኔታ ራስዋን ነቅንቃ «እወ፣ ከይዶም» አለች፤ አዎ፣ ሄደዋል ማለትዋ ነው። ሽማግሌው ትግርኛ ባይችሉም ፊትዋን አይተው ትከሻዋን ዳበስ አደረጓት።

እኛ በቆምንበት ደረቅን። ከዚያም ሳናስበው ከአፋችን ወጣና፣ ለሁለት ዓመት ተኩል ያልጠየቅነውን ጠየቅናት። «አባታችን ስለ እኔ ምን ይሉ ነበር?»

እህታችን ጥያቄው የዘገየባት አልመሰላትም። «ኣቦይ? ማታ ማታ በሩ ሲንኳኳ አንተ የመጣህ እየመሰላቸው ቀና ይሉ ነበር። ከዚያ ወደይ ከይዱኒ፣ ወደይ ከይዱኒ ይላሉ» አለችን በትግርኛ።

ልጄ ሄዶብኛል ማለት ነው። ናፍቆት ነው እንጂ ክስ አይደለም። ቃሉ ከአዲግራት እስከ መቀሌ በትግርኛ ተጉዞ፣ ከመቀሌ እስከ አዲስ አበባ በአማርኛ ተሻግሮ፣ በመንገዱ ላይ ፍርድ ሆኖ ደረሰን። ያመጡልን ሰው የሰሙትን በታማኝነት አድርሰዋል። የተሳሳትነው እኛ ነን። የሁለቱን ቃላት ልዩነት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ በቀይ እርሳስ ተጽፎልን እያወቅን፣ ስለ ራሳችን በተነገረ ጊዜ ግን አላወቅነውም። ክሱን አስቀድመን በልባችን ጽፈን ስለ ነበር ትርጓሜውን ልንመረምር አልወደድንም። ይህም ማለት ጥፋት የለብንም ማለት አይደለም፤ የገባነው ቃል አልተፈጸመም፤ ቀኑንም አልቆረጥንም። ነገር ግን ሰው የራሱን ጥፋት እንጂ ያልተባለውን ክስ መሸከም የለበትም።

ባልደረቦቻችን ሆይ፣ እኛ በየቢሮአችን የሰዎችን ቃል በአስተርጓሚ እየሰማን መዝገብ እንጽፋለን። ከእኛ ዘንድ የሚመጣው ባለጉዳይ አማርኛውን ከየት ቋንቋ እንዳመጣው ሁልጊዜ አናውቅም። ስለዚህ ቃሉ ከባድ ሆኖ በታየን ጊዜ፣ ከመጻፋችን በፊት «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ የሥራ መዘግየት አይደለም። ጥያቄው እኛን ሳይቀር ከብዙ ሐዘን ባዳነን ነበር።

ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ቤት የደረስነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ካሴቱን የሚያጫውት ቴፕ በቤታችን የለም። እህታችን ግን ሳትተኛ ከጠረጴዛችን ላይ እርሳስ አንሥታ፣ አባታችን ያደርጉት እንደ ነበረው የወጣውን ክር ቀስ እያለች እያዞረች ስትጠቀልል፣ እኛም መብራቱን ያዝንላት።