የት ነው የምታድሩት?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ከአትላንታ መብረር ሲጀምር፣ ለዓመታት ስናስተላልፈው የነበረው ጉዞ ፒችትሪ ኮርነርስ ባለው ቤታችን እንደገና ተነሣ። አባቴ የደባርቅ ሰው ናቸው። ልጆቼ ግን ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮን በፊልም ብቻ የሚያውቁ የግዊኔት ልጆች ናቸው። የአያታቸውን አገር፣ የሰሜን ተራሮችን፣ በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ።

ወረቀት አውጥቼ የሚታየውን ጻፍሁ፤ የፋሲል ግንብ፣ ሊማሊሞ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ዋልያ የሚገኝበት ጨነቅ። ወረቀቱን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አሳየሁት። ኔፓላዊ ነው፤ በወጣትነቱ ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚሄዱ እንግዶችን ይመራ ነበር። ስለ ዋልያም ስለ ግንቡም አልጠየቀኝም። «በየሌሊቱ የት ነው የምታድሩት? ከፍታውስ ስንት ነው?» አለኝ።

በእነሱ አገር የጉዞ ዕቅድ የሚጻፈው በየሌሊቱ ማደሪያ ተቆጥሮ ነው። መንገደኛው 2,860 ሜትር ላይ ካለችው ሉክላ ተነሥቶ 3,440 ሜትር ላይ ያለችው ናምቼ ሲደርስ፣ ጤነኛም ቢሆን አንድ ሌሊት ጨምሮ ያርፋል። ሕንድ ውስጥ ወደ ሌህ በአውሮፕላን የሚገባ ሰው በአንዴ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሳይደክም እንዲያሳልፍ ይመከራል። ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ ዋናው የሚተኛበት ቦታ ነው።

ምክሩ ቅር እንዳሰኘኝ አልደብቅም። የደጋ ዘር ነን፣ ተራራ ከማን እንማራለን የሚል ኩራት ውስጤ ነበር። ለኩራቴ ማስረጃም አገኘሁለት። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ሰዎችን መርምረው ነበር። የደማቸው ሄሞግሎቢንም ሆነ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አገኙት። ከቲቤትም ከአንዲስም ሰዎች የተለየ፣ የራሱ የኢትዮጵያ መንገድ ነው። ይህን ለአባቴ በደስታ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እነሱ እዚያው የሚኖሩ ናቸው፤ አንተ የምትኖረው እዚህ ነው። ደባርቅ ደግሞ ደጋ ነው፤ ከላይ ያለው ውርጭ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከፍታን የለመደ አካል ቆላ ሲወርድ ያንን ልምድ በሳምንታት ውስጥ ይተዋል፤ እኛ ደግሞ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስንኖር ዓመታት አልፈዋል። ልጆቼማ ከዚያ ወጥተው አያውቁም።

እዚህ ሆኖ መለማመድም አይቻልም። ስቶን ማውንቴን ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት እግርን ያጠነክራል፤ ጫፉ ግን ከ520 ሜትር አያልፍም። የጆርጂያ ከፍተኛው ተራራ ብራስታውን ቦልድ 1,458 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ በ900 ሜትር ገደማ ያንሳል።

በሰሜን ተራሮች የሚያሳስበኝ መንገዱ ምቹ መሆኑ ነው። መኪና እስከ ጨነቅ ይደርሳል። ቁርሱን ጎንደር የበላ ሰው ማታ 3,600 ሜትር ላይ ሊያድር ይችላል፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ሌሊት ይመጣል፤ ከበረታ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው። ሂማሊያን በእግር የሚወጣ ሰው አዘጋገሙ ይጠብቀዋል፤ እኛን ግን የሚጠብቀን ዕቅዳችን ብቻ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ቀድጄ ዕቅዱን በየሌሊቱ ማደሪያ ቆጥሬ ጻፍሁት። አገራችን ለዚህ የተመቸ ደረጃ አላት፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ 2,850 ሜትር ላይ ያለችው ደባርቅ፣ ከዚያ ሳንቃ በር፣ ከዚያ ግጭና ጨነቅ። ጊዜ ያባክናል ብዬ ያሳጠርኩት የጎንደር ቆይታ አሁን የመውጫው አካል ሆነ። ልጆች ግንቡን እያዩ አካላቸው ይለምዳል። ወቅቱንም ቀየርሁ። የግዊኔት ትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት የሚሰጡት ተራራው ዝናብና ጉም በሚለብስበት ክረምት ነው። የታኅሣሡ ዕረፍት አጭር ቢሆንም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ብርቱ ውርጭ ስላለው ወፍራም ልብስ ይፈልጋል።

ጉዞው እስካሁን አልተደረገም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት አለ፤ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም ዜጎቹ ወደዚያ እንዳይጓዙ አስጠንቅቋል። አባቴ ዕድሜያቸው እየገፋ ሰላምን መጠበቅ ልቤን ያደማዋል። ቢሆንም ልጆች ይዞ መንገዱ ያልተረጋጋበት አገር መግባት ድፍረት አይባልም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። አሁን ከዋልያው እኩል የሚያሳስቡኝ ከእንግዳ በሚገኝ ገቢ ይተዳደሩ የነበሩት የደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶችና ባለ በቅሎዎች ናቸው።

ሰላም ሲወርድ ለመሄድ የምታስቡ ወገኖቼ፣ አደራ፣ ደባርቅ ሳታድሩ ወደ ላይ አትለፉ። አስጎብኚውንና ባለ በቅሎውንም ከዚያው ቅጠሩ።